ቮክስ ኤሲ30፦ ከመድረክ የወረደው አምፕ ለምን ተመለሰ?

ኦገስት 15 ቀን 1965 ቢትልሶች ኒውዮርክ ሼይ ስታዲየም ሲጫወቱ ከ55 ሺህ የሚበልጥ ሰው ገብቶ ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከኋላቸው የቆሙት የጊታር አምፖች፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎሉት ሣጥኖች፣ ባለ 100 ዋት ነበሩ። ቮክስ የሚባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ የአድናቂዎቻቸውን ጩኸት እንዲችሉ ብሎ የሠራላቸው ነበሩ። የዘፋኞቹ ድምፅ ደግሞ በስታዲየሙ የራሱ ድምፅ ማጉያ በኩል ነበር የሚወጣው። ያም ሆኖ ጩኸቱ ሁሉን ዋጠው። መድረክ ላይ ያሉት አራቱ ሰዎች የሚጫወቱትን ራሳቸው በቅጡ አይሰሙም ነበር።

ከዚያ በፊት በየአዳራሹ የተጫወቱበት አምፕ ባለ 30 ዋቱ ቮክስ ኤሲ30 ነው። ሕዝቡ ሲበዛ አቅም አነሰውና ከእሱ በኋላ በተሠሩ ጉልበተኛ ወንድሞቹ ተተካ። የሚያስገርመው የዛሬው ነው። አንድ ጊታሪስት ይህን አሮጌ ሣጥን መቶ ሰው ወደሚይዝ ክለብ ይዞ ቢገባ፣ የድምፅ ባለሙያው ገና በሳውንድ ቼክ ላይ የሚለው ነገር «ትንሽ ቀንሰው» ነው። ትልቅ አዳራሽ ውስጥም ቢሆን አነሰ የሚለው የለም። አምፑ አላደገም፤ ያው 30 ዋት ነው። የተለወጠው በዙሪያው ያለው መድረክ ነው። ድሮ አቅም የለውም ተብሎ የተገፋው ዕቃ ዛሬ ለመድረክ ልክ የሆነው በዚህ ምክንያት እንጂ፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት በናፍቆት አይደለም።

ኤሲ30 የተሠራው ከለንደን በስተምሥራቅ፣ ኬንት ውስጥ ባለችው ዳርትፎርድ ከተማ ነው። የፋብሪካው ባለቤት ቶም ጄኒንግስ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር፤ ኑሮው ግን የሙዚቃ መሣሪያ ንግድ ነው። ዲክ ዴኒ ደግሞ ጊታሪስት ነው፤ ትርፍ ጊዜውን በኤሌክትሮኒክስ ያሳልፋል። ሁለቱ የተዋወቁት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠሩ ነው። ጦርነቱ አልቆ ዓመታት ካለፉ በኋላ ዴኒ በገዛ እጁ የሠራውን የጊታር አምፕ ይዞለት መጣ። ጄኒንግስ ሰማው፤ ወደደው። ባለ 15 ዋቱ ኤሲ15 በ1958 ገበያ ላይ ዋለ።

የእንግሊዝ ወጣት በሮክ ኤንድ ሮል ያበደበት ጊዜ ነበር። ክሊፍ ሪቻርድን የሚያጅበው ባንድ፣ ኋላ ሻዶውስ ተብሎ ስሙ የገነነው፣ ኤሲ15ን ቢይዝም ከሚጮሁት ልጃገረዶች በላይ መሰማት አቃተው። ጉልበት ያለው አምፕ ተፈለገ። ዴኒ ሁሉን ነገር ከሥር ጀምሮ አልፈጠረም፤ የኤሲ15ን ንድፍ አሳደገውና በ1959 ኤሲ30 ወጣ። መጀመሪያ ላይ አንድ ስፒከር ብቻ ነበረው፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች ተገጠሙለት፤ የኤሲ15 የኃይል ቫልቮች ሁለት ሲሆኑ የእሱ አራት ናቸው። የሻዶውስ ጊታሪስት ሃንክ ማርቪን ጥርት ያለ ድምፅ ሲያወጣበት የአገሩ ልጅ ሁሉ ያንን ድምፅ ፈለገ። ቢትልሶችም ከ1962 ጀምሮ የቮክስ ሰዎች ሆኑ።

ሣጥኑን ቀርባችሁ እዩት። ፊቱ ላይ የአልማዝ ቅርጽ ጥልፍልፍ ያለበት ቡናማ ጨርቅ ተወጥሯል። አናቱ ላይ ሦስት እጀታ አለው። ሦስት መሆኑ ለጌጥ እንዳልሆነ የሚገባችሁ አንሱት ሲሏችሁ ነው፤ ክብደቱ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ማዞሪያዎቹ ከፊት አይደሉም፤ ከላይ ከኋላ በኩል ናቸው፤ ጊታሪስቱ ከአምፑ ጀርባ ጎንበስ ብሎ ያስተካክላቸዋል። በ1960ዎቹ የወጣው ሞዴል ስድስት የጃክ መሰኪያ አለው። አንድ ጊታሪስት ስድስት ምን ያደርግለታል? ያኔ አንድ አምፕ የአንድ ሰው አልነበረም። ሊድ ጊታሩም፣ ሪትም ጊታሩም፣ አንዳንዴ የዘፋኙ ማይክም አንዱ ላይ ይሰካል። ለድሃ ባንድ አምፕ ማለት ሙሉ ሳውንድ ሲስተም ነበር።

ከኋላ በኩል ሣጥኑ በከፊል ክፍት ነው። በክፍተቱ ስታዩ ሁለቱ የሴሌስቲዮን ስፒከሮች ሰማያዊ ተቀብተው ይታያሉ፤ ማግኔታቸው ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት የተቀየጠ ነው፤ እያንዳንዳቸው 15 ዋት ይችላሉ። ከእነሱ በላይ የመስታወት ቫልቮቹ አሉ። አያቶቻችሁ ቤት የድሮ ፊሊፕስ ሬዲዮ ከነበረ ከቫልቭ ጋር ትተዋወቃላችሁ፤ ሬዲዮው ተከፍቶ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ የምትጠብቁት እነሱ እስኪሞቁ ነበር። ኤሲ30 ጉልበቱን የሚያገኝበት ኢኤል84 የተባለው ቫልቭም መጀመሪያውኑ የተሠራው ለሬዲዮና ለሸክላ ማጫወቻ ነው። ዴኒ ለጊታር ብሎ የፈጠረው ቫልቭ የለም፤ ገበያ ላይ ያለውን አንሥቶ ከተሠራበት መጠን በላይ አሠራው።

ቫልቭ አየሩ የተመጠጠ የመስታወት ብልቃጥ ነው። ውስጡ ያለችው ሽቦ 6.3 ቮልት ሲሰጣት ትግላለች፤ አጠገቧ ያለው ካቶድ የሚባለው ክፍል ሲሞቅ ኤሌክትሮን ይለቃል። ወደ ውጭ በኩል ያለው አኖድ ከፍተኛ ቮልት ተሰጥቶታል፤ ኤሲ30 ውስጥ ከ300 ቮልት ያልፋል። ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ይስባል። በሁለቱ መካከል ከደቃቅ ሽቦ የተሠራ ግሪድ ቆሟል። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው የጊታሩ ፒክአፕ የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ቮልት እንኳ የማይሞላው ሞገድ ግሪዱ ላይ ሲያርፍ የሚጎርፈውን ኤሌክትሮን አንዴ ይለቀዋል፣ አንዴ ይገታዋል። ደካማው ሞገድ ብርቱውን አዘዘው ማለት ነው። መግቢያው ላይ ያሉት ትንንሾቹ ኢሲሲ83 ቫልቮች ሞገዱን በዚህ መንገድ ደረጃ በደረጃ ያሳድጉና ለአራቱ ኢኤል84 ያስረክባሉ። እነዚያ ደግሞ በውፅዓት ትራንስፎርመሩ በኩል ስፒከሮቹን ይገፋሉ።

እስከዚህ ያለውን ሥራ ትራንዚስተርም ይሠራል፤ በጠባብ ቦታ፣ በትንሽ ሙቀት፣ በርካሽ ዋጋ። ልዩነቱ የሚመጣው አቅም ወደማለቁ ሲቃረብ ነው። ተራ የትራንዚስተር አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ሞገዱን ጫፉ ላይ ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ጆሮ ላይ ይሻክራል። ቫልቭ ግን ድንበሩ ጋ ሲደርስ እየለዘበ ይታጠፋል። ከጠራ ወደ ሻካራ የሚሻገርበት መስመር ሰፊ ነው፤ ጊታሪስቱ የሚጫወተው እዚያ ሰፊ መስመር ላይ ነው። ኤሲ30 ላይ ይህ የበለጠ ይሰማል። አብዛኞቹ አምፖች ከመውጫው ጥቂት ድምፅ ወደ ኋላ መልሰው ስሕተታቸውን ያርማሉ፤ ዴኒ ይህን እርማት ከኃይል ክፍሉ አስቀረው። አምፑ ራሱን ስለማያርም የተጫዋቹ እጅ የሚያደርገው ሁሉ ሳይሸፈን ይወጣል። ክሩ በኃይል ሲመታ ደግሞ የውስጥ ቮልቴጁ ለቅጽበት ዝቅ ብሎ ይመለሳል፤ ኖታው መጀመሪያ ሸብረክ ይልና ከዚያ ያብጣል።

ይህ ሁሉ በቃል ሲነገር ተረት ሊመስል ይችላል፤ መሣሪያው ላይ ሲሞከር ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቮልዩሙን ድምፁ መሻከር እስከሚጀምርበት ከፍ አድርጉት። ክሩን በአውራ ጣታችሁ ሥጋ ዳሰስ አድርጉ፤ ንጹሕና ክብ ድምፅ ይወጣል። አሁን ያንኑ ክር በፒክ ምቱት፤ ጥርስ ያለው፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ይመጣል። ምንም ፔዳል አልተረገጠም። ቀጥሎ የጊታሩን የራሱን ቮልዩም ከ10 ወደ 6 አውርዱ፤ ጉርምርምታው ይለቃል፤ ጥራቱ ይመለሳል። የኩዊኑ ጊታሪስት ብራያን ሜይ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በዚህ ነው፦ ኤሲ30ውን እስከ ጥግ ይከፍታል፤ ድምፁን የሚያጠራውና የሚያሻክረው ጊታሩ ላይ ባለችው ማዞሪያ ነው። የአየርላንዱ ሮሪ ጋላገርም በዚሁ አምፕ ይጫወት ነበር። የዩቱው ኤጅ ደግሞ በ1964 የተሠራ ኤሲ30ውን ሳይለይ ዓለምን ዞሯል፤ እሱ የፈለገው ጉርምርምታውን ሳይሆን ከላይ የሚያንጸባርቀውን ቀጭን ድምፅ ነው። ይህን ብርሃን የሚሰጠው «ቶፕ ቡስት» የሚባለው ተጨማሪ ክፍል ነው። መጀመሪያ ላይ ለብቻው እየተሸጠ ከጀርባ ይገጠም ነበር፤ ፈላጊው ሲበዛ ፋብሪካው ራሱ አምፑ ላይ ሠርቶ ማውጣት ጀመረ።

ትዝታ የሚጫወት ጊታሪስት ይህን ነገር ከሮክ ተጫዋች ባላነሰ የሚፈልገው ይመስለኛል። በዝግታ በሚሄድ ቅኝት ውስጥ አንድ ኖታ እንዴት ተጀመረ፣ እንዴት ተንቀጠቀጠ፣ እንዴት አለቀ የሚለው ነው ሙሉ ነገሩ፤ የጣት ክብደት የማይለይ አምፕ እዚያ ላይ ያጋልጣል።

አሁን ወደ ዋቱ ጉዳይ ልመለስ። ብዙ ሰው ባለ 100 ዋት አምፕ ከባለ 30ው ከሦስት እጥፍ በላይ ይጮሃል ብሎ ያስባል። ጆሯችን ግን እንዲህ አይቆጥርም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው፤ ይሰማል፣ ግን ብዙ አይደለም። አንድ ድምፅ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ በግምት አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። ከ30 ወደ 100 ዋት ሲኬድ የሚገኘው 5 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ሼይ ስታዲየም ላይ ትልልቆቹ አምፖች ያላዋጡት ለዚህ ነው፤ ያን ያህል ሕዝብ በጊታር አምፕ ማሸነፍ አይቻልም።

ለተወሰነ ጊዜ ዓለም በዚያው መንገድ ገፋበት። በ1965 ማርሻል ለዘ ሁው ጊታሪስት ለፒት ታውንሸንድ ባለ 100 ዋት አምፕ ሠራ። ቁምሣጥን የሚያክሉ ስፒከሮች ተደራርበው መድረክ ላይ መቆም ጀመሩ። ቮክስ በበኩሉ ችግር ውስጥ ገባ። ጄኒንግስ በ1964 የድርጅቱን አብላጫ ድርሻ ሮይስተን ለተባለ ኩባንያ ሸጠ፤ በ1967 ራሱ ከድርጅቱ ወጣ፤ በ1969 ሮይስተን ከሰረ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ በ1992 በጃፓኑ ኮርግ እጅ ገባ። ትልልቆቹ አምፖች በገነኑበት ጊዜ ባለ 30 ዋቱ በብዙዎች ተንቆ ነበር፤ ከነብራያን ሜይ በስተቀር።

መፍትሔው የመጣው ከአምፕ ሠሪዎች አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ የሳውንድ ሲስተሙ ነገር ተለወጠ፤ እያንዳንዱ አምፕ ፊት ማይክ ቆመ፤ ሚክሰሩ መድረኩን ሁሉ የሚሰበስብ ሆነ፤ ለሙዚቀኞቹም ራሳቸውን የሚሰሙበት ሞኒተር ተሰጣቸው። አዳራሹን የመሙላቱ ሥራ ከጊታር አምፑ ላይ ወረደ። አሁን ከእሱ የሚጠበቀው ጥሩ ድምፅ ማውጣት ብቻ ነው፤ የቀረውን ማይኩ ይወስደዋል። ድክመት የነበረው ነገር ጥቅም የሆነው ያኔ ነው። የቫልቭ አምፕ የሚያምረው ሲደክም ነው፤ ባለ 100 ዋት አምፕ ደግሞ ክለብ ውስጥ እስኪደክም ቢከፈት ሰው ሁሉ ይወጣል። ባለ 30ው ይቻላል፤ ያውም በጭንቅ። እውነቱን ለመናገር ለትንሽ ቤት የምመርጠው ኤሲ15ን ነው። ከኤሲ30 የሚያንሰው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጀርባንም ያሳርፋል።

መድረክ ላይ ሲቀመጥ መሬት ላይ ባይሆን ጥሩ ነው። ስፒከሩ ቀጭኑን ድምፅ እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ ፊት ለፊት ይወረውራል፤ መሬት ላይ የተቀመጠ አምፕ የሚወጋው የጊታሪስቱን ጉልበትና የፊተኛው ወንበር ሰዎችን ነው። ተጫዋቹ የሰማው ስለማይመስለው ይጨምራል፤ ፊት ያሉት ጆሯቸውን ይይዛሉ። ወንበር ላይ ማውጣት ወይም ወደ ኋላ ማጋደል ይበቃል። ማይኩ ጨርቁን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። ብዙ ቤት የምታገኙት በ1965 የወጣውን ሹር ኤስኤም57 ነው። ወደ ስፒከሩ መሃል ሲያነጣጥር ድምፁ ይስላል፤ ወደ ጠርዙ ሁለት ሦስት ጣት ፈቀቅ ሲል ይለሰልሳል። ኤሲ30 በተፈጥሮው ብሩህ ስለሆነ እኔ ብሆን ከጠርዙ እጀምራለሁ። አንድ ጥሩ የድምፅ ባለሙያ ይህን ቦታ ለማግኘት አምስት ደቂቃ ቢሰጠው ሚክሰሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ከመታገል ይድናል።

ለዓመታት ጓዳ ተጥሎ የቆየ የቫልቭ አምፕ ስታገኙ ግን ወዲያው ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች በዕድሜ ይደርቃሉ፤ ድንገት ሙሉ ቮልት ሲያርፍባቸው ሊፈነዱ፣ ትራንስፎርመሩንም ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ። ባለሙያ ሲያየው መጀመሪያ ይከፍታል፣ ይመረምራል፣ የደረቁትን ይለውጣል፤ ከዚያ ቮልቴጁን ከዝቅታ ጀምሮ ቀስ እያለ እያሳደገ ይቀሰቅሰዋል። ራሳችሁ አትክፈቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ካፓሲተሮቹ ሰው የሚገድል ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ኤሌክትሪሽያኖች ኧርዝ የሚሉት የምድር ሽቦ ጉድለት ነው። አሮጌ አምፕ ብዙ ጊዜ የምድር ሽቦ የሌለው፣ ወይም ኋላ ሰው «እንዳይጮህ» ብሎ የቆረጠው ገመድ ይዞ ይመጣል። ጊታሪስት እጁ በብረት ክር ላይ፣ ከንፈሩ በማይክ ላይ የሆነ ሰው ነው፤ በሁለቱ መካከል የቮልት ልዩነት ካለ መንገዱ የእሱ ሰውነት ነው። በ1972 ዌልስ ውስጥ፣ ስዋንዚ ከተማ፣ ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ ጊታሩን እንደያዘ ኧርዝ ያልነበረው ማይክ ነክቶ ተመልካች ፊት ሞተ። ይህ ለጥንቃቄ ያህል የሚነገር ታሪክ አይደለም፤ ዛሬም የምድር ሽቦ የሌለው አዳራሽ ሞልቷል።

ሌላው ያለ ስፒከር አለመክፈት ነው። የቫልቭ አምፕ ስፒከሩ ተነቅሎ ከተጫወቱበት የውፅዓት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል፤ ከአምፑ ዕቃዎች ሁሉ ውዱ ደግሞ እሱ ነው። ፊውዝ ሲበጠስ በተባለው መጠን መተካት እንጂ በወፍራም ሽቦ አስሮ ማለፍ አይገባም። ኤሲ30 ዝም ብሎ ሲቆምም ቢሆን እንደ ምድጃ ስለሚሞቅ ከላይ ያለው መተንፈሻው ላይ ኮትም ቢራም አይቀመጥም። ዝግጅቱ ሲያልቅም ቶሎ ተነቅሎ መኪና ላይ አይወረወርም፤ የጋለ ቫልቭ መንገጫገጭ አይወድም። ቦርሳ ውስጥ አንድ ሁለት ትርፍ ቫልቭና ፊውዝ መያዝ የልምድ ነው። አምፑ ሲነካ የሚያቃጭል ከሆነ ትንንሾቹን ቫልቮች ተራ በተራ በእርሳስ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ነው፤ በስፒከሩ ውስጥ «ቂው» የሚለው ጥፋተኛው እሱ ነው።

አገር ቤት ለሚወስደው ሰው የመብራቱ ነገር ይጨመርበታል። የ1960ዎቹ ኤሲ30 ከ115 እስከ 245 ቮልት የሚመረጥበት መቀየሪያ ስላለው ወደ እኛ 220 የሚቀርበውን መምረጥ ይበቃል። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጡት አምፖች ግን አብዛኞቹ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ በቀጥታ የተሰካ እንደሆነ ታሪኩ አጭር ነው። ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ እሱም ከአምፑ ፍጆታ ከፍ ያለ አቅም ያለው። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ስለሆነ ለ60 ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር እዚህ ከወትሮው በላይ ይሞቃል። ስታቢላይዘር ቢጨመር ጥሩ ነው። መብራት በመሃል ሲጠፋ አምፑን ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ተመልሶ ሲመጣ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላልና። ስለ ሻንጣ ካነሣን፣ ብዙ አየር መንገዶች አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ እንዳያልፍ ስለሚከለክሉ ኤሲ30 ያለ ጣጣ አይሳፈርም። የሚዞሩ ባንዶች የሚጫወቱበት ቦታ አምፕ እንዲዘጋጅላቸው የሚጠይቁት በዚህም ምክንያት ነው።

እንግዲህ ጠያቂው «ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? ዛሬ የኤሲ30ን ድምፅ የሚያስመስል ዲጂታል ሣጥን በእጅ ቦርሳ ይያዛል» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። ከ1998ቱ የላይን 6 ፖድ ጀምሮ፣ በተለይም የጀርመኑ ኬምፐር ከ2011 ወዲህ እውነተኛ አምፕ «ኮርጆ» ማስቀመጥ ከቻለ በኋላ፣ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ አድማጭ ልዩነቱን ይለያል ብዬ አልከራከርም። በየቀኑ ከተማ ለሚቀይር፣ በአንድ ምሽት አሥር ዓይነት ድምፅ ለሚፈልግ ተጫዋች እኔም ዲጂታሉን እመክራለሁ። አምፑ የሚያሸንፈው ለአድማጩ ሳይሆን ለተጫዋቹ ነው። ከኋላው አየር የሚገፋ ስፒከር ያለው ጊታሪስት ኖታ ሲይዝ ክሩ በአምፑ ድምፅ ተመልሶ ይንቀጠቀጣል፤ ኖታው አይሞትም። በጆሮ ማዳመጫ ይህ አይገኝም። ተጫዋቹ ደስ ሲለው በተለየ ይጫወታል፤ ያን ጊዜ አድማጩም ይሰማዋል።

የቫልቩ አቅርቦት ግን ያሳስባል። ድሮ የእንግሊዙ ሙላርድና የሆላንዱ ፊሊፕስ ለሬዲዮ ብለው የሚያመርቱት ለጊታሩም ይተርፍ ነበር፤ ሬዲዮው ወደ ትራንዚስተር ሲዞር ፋብሪካዎቹ ተዘጉ። ዛሬ የዓለም የጊታር ቫልቭ በዋናነት የሚመጣው ከስሎቫኪያ፣ ከሩሲያና ከቻይና ነው። በ2022 የዩክሬኑን ጦርነት ተከትሎ ሩሲያ የምትልከው ሲስተጓጎል ዋጋው ወዲያው ዘለለ፤ ሙዚቀኛውም ባገኘው ሱቅ ሁሉ እየገባ ለቀም ለቀም አደረገ። ኢኤል84 ከሌሎቹ ረክሶ የሚገኝ ነው፤ ኤሲ30 ግን አራቱንም እያጋለ ስለሚያሠራቸው በደንብ የሚሠራ ባንድ ቶሎ ይጨርሳቸዋል፤ ሲለወጡም አራቱ በአንድነት፣ ተለክተው የተመሳሰሉት ናቸው የሚገቡት።

ከዳርትፎርድ ዘመን የተረፈውን ዋናውን መግዛት ዛሬ የሰብሳቢዎች ሥራ ሆኗል፤ ለሚጫወት ሰው አያስፈልገውም። ኮርግ በቮክስ ስም እስከ ዛሬ ኤሲ30ና ኤሲ15 ያስመርታል፤ አብዛኞቹ እንደ ድሮው በእጅ የተበየዱ ባይሆኑም የተሠሩበት ሐሳብ ያው ነው፤ መድረክ ላይም ያገለግላሉ። አሮጌ የቫልቭ አምፕ፣ የቮክስም ይሁን የሌላ፣ ቤታችሁ ወይም የምትጫወቱበት ክለብ ጓዳ ውስጥ ካለ ግን ለቆሻሻ ገዢ አትስጡት። ቫልቭ የሚያውቅ ቴክኒሻን ፈልጉ፤ የድሮ ሬዲዮ የሚጠግኑት አዛውንቶች ሙያውን ያውቁታል፤ ከሌላው ሁሉ በፊትም የምድር ሽቦውን እንዲያዩላችሁ ጠይቋቸው።